አብሮን የሚሠራውን ማን ይምረጥ?



አራት ኪሎ ከሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ቆሞ የማያውቅ የአዲስ አበባ ተመራቂ ጥቂት ነው። ጋዜጣ ተከራይቶ የሚያነበውን፣ ስልክ ቁጥር የሚገለብጠውን ወጣት ከግቢ ስንወጣ እናየዋለን። ኢንሻአላህ የእኛም ተራ ይደርሳል። ስለዚህ «እንዴት እንቀጠራለን?» እያልን እንጨነቃለን። «እኛስ ስንቀጥር እንዴት እንመርጣለን?» ብለን ግን ብዙ አንጠይቅም። ከመካከላችን ነገ የፕሮጀክት ኃላፊና የቅጥር ኮሚቴ አባል የሚሆኑ አሉ። ጀመዓችንም አሚርና የየዘርፉን ተጠሪ ይመርጣል።

አቋማችን ግልጽ ነው፦ ከሚመረጠው ሰው ጋር አብረው የሚሠሩት ሁሉ በምርጫው ሊጠየቁ ይገባል።

በብዙ መሥሪያ ቤት ሁለት ሦስት ኃላፊዎች ቃለ መጠይቅ ያደርጋሉ፤ ቡድኑ አዲሱን ሰው የሚያየው ሥራ በጀመረበት ቀን ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ትውውቅ በቀላሉ ይገባል፤ አንድ ሰው ማግባባት አሥር ሰው ከማግባባት ይቀላልና። ኃላፊው የትምህርት ማስረጃና አነጋገር ያያል። ሳይት አብሮት የሚውለው መሐንዲስ ግን ስሌቱን በትክክል ያውቀው እንደሆነ፣ ስህተቱ ሲነገረውም ይቀበል እንደሆነ ጠይቆ ይለያል።

ዲናችን በዚህ ላይ ዝም አላለም። በሱረቱል ቀሶስ እንደተነገረው፣ ሙሳ (ዐ.ሰ.) እንዲቀጠሩ ለአባቷ ሐሳብ ያቀረበችው ልጅቷ ናት። መንጋውን ይዛ ከእህቷ ጋር የወጣችው፣ ሙሳ ሲያጠጡላቸውም ያየችው እሷ ነበረች። ብርታትና ታማኝነትን መስፈርት አድርጋ ተናገረች፤ አባቷም ሰማት።

በ23ኛው ዓመተ ሂጅራ ዑመር (ረ.ዐ.) ምርጫውን ለስድስት ሰሓቦች ሲተዉ፣ ዐብዱራሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) በስድስቱ ሐሳብ ብቻ አልተወሰኑም። የመዲናን ሰዎች ሌሊት ሳይቀር ሲያማክሩ ቆይተው ነው ዑስማን (ረ.ዐ.) የተመረጡት። ከዚያ በፊትም የኩፋ ሰዎች በሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ላይ ስሞታ ሲያቀርቡ፣ ዑመር ሰው ልከው በየመስጂዱ አስጠይቀዋል። ሰዕድ በጀነት ከተበሰሩት አሥሩ አንዱ ናቸው፤ ሆኖም ስለ ሥራቸው ሕዝቡ ተጠየቀ።

«ስለ ሰው ተሰብስቦ ማውራት ሐሜት አይሆንም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ፋጢማ ቢንት ቀይስ (ረ.ዐ.) ለጋብቻ ስለጠየቋት ሁለት ሰዎች ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ስታማክር፣ የሁለቱንም ጉድለት ነግረዋታል። ኢማም ነወዊም ሐሜት ከሚፈቀድባቸው ስድስት ምክንያቶች ውስጥ ምክርን ቆጥረዋል። ገደቡ ግን ይጠበቅ፦ የሚነገረው ሥራውን የሚመለከትና በዓይን የታየ ይሁን፤ ከስብሰባው አይውጣ። የብሔሩና የሰፈሩ ነገር፣ የማን ልጅነቱም አይነሳ።

ሌላም አደጋ አለ። ቡድን ራሱን የሚመስለውን ይወዳል፤ ሒጃብ የለበሰች እህት ቃለ መጠይቅ ስትገባ የምትፈራው ይህንኑ ነው። መድኃኒቱ መስፈርቱን አስቀድሞ መጻፍ፣ ለሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ጥያቄ ማቅረብ፣ እያንዳንዱም የሌላውን ሳይሰማ አስተያየቱን በጽሑፍ መስጠት ነው። ከዚያ ኃላፊው ይወስን፤ ምክንያቱንም ለቡድኑ ይናገር። በሱረቱ ኣሊ ዒምራን የታዘዘው ቅደም ተከተልም ምክክር፣ ከዚያ ቁርጥ ውሳኔ፣ ከዚያም በአላህ መመካት ነው።

ይህን ከጀመዓችን እንጀምረው። ነባሩ ኮሚቴ ተተኪ ከመጠቆሙ በፊት በቤተ መጻሕፍቱ፣ በደዕዋውና በእህቶች ዘርፍ የሚያገለግሉት ይጠየቁ፤ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችም አይታለፉ። የሰፈራችን እድር ዳኛውንና ገንዘብ ያዡን በአባላቱ ፊት ይመርጣል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከዚህ ሊያንስ አይገባም። በመጪው ምርጫ «ማን ይሁን?» ከማለታችን በፊት «ማንን ጠየቅን?» እንበል።

አላህ አማናን የሚወጡ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።