«ስንት ያወጣል?» ከማለታችን በፊት

የትርፍ ጊዜ ዓምዳችን በዛሬው ዕትሙ ስለ ቴምብር ያወጋችኋል። «ቴምብር ደግሞ ዛሬ ማን ይሰበስባል?» የምትሉ እንደማትጠፉ እናውቃለን። ሆኖም በብዙ ቤት ውስጥ፣ ከአልጋ ሥር ወይም ከቁም ሣጥን አናት ላይ፣ ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ አንድ የቴምብር አልበም አይጠፋም። አንዱን አባት በደህናው ዘመን ሰብስቦታል፤ ሌላውን ባለቤቱ ራሱ በተማሪነቱ ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር እየተለዋወጠ ሞልቶታል። ቤት ሲቀየር ወይም ባለ አልበሙ ሲያርፍ ደብተሩ ካለበት ይወጣና አንድ ጥያቄ ይነሣል፦ «ይህ ስንት ያወጣል?»

መጠየቁ ነውር የለበትም። ችግሩ የሚጠየቀው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። አልበሙ ወደ ቡና ጨዋታ ይመጣል፤ ወይም በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ለዘመድ አዝማድ ይላካል። አንዱ «የምኒልክ ነው እንዴ? ይህማ ቤት ይገዛል!» ይላል። ሌላው «አሮጌ ወረቀት ነው፣ ጣለው» ይላል። ሁለቱም መጽሐፍ ገልጠው አላዩም። በመጀመሪያው ቃል የተነሣ ወንድምና እህት በሌለ ሀብት ይቃቃራሉ። በሁለተኛው ቃል የተነሣ ደግሞ አባት ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀመው ነገር ለመጀመሪያው ገዢ በጥቂት ዶላር ይሄዳል።

ጉዳዩን በእርግጥ የሚያውቁ ሰዎች በየከተማው አንድ ሁለት አይጠፉም። ቴምብር ሲሰበስቡ የሸበቱ አባቶች ናቸው። እነሱ ዘንድም የሚደርሰው ያው አንድ ጥያቄ ነው፤ ዛሬ ለአንዱ የመለሱትን ነገ ሌላው ይጠይቃቸዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ የሁሉም ሰው ጥያቄ አንድ ሽማግሌ ላይ ሲጫን ሸክም ይሆናል። በመጨረሻም ስልክ ማንሣት ይተዋሉ።

የሚገርመው ነገር፣ የአብዛኛው ጥያቄ መልስ ከመቶ ዓመት በላይ ሲጻፍ የኖረ መሆኑ ነው። በእንግሊዝ፣ ፕሊመዝ ከተማ ስታንሊ ጊበንስ የመጀመሪያውን የቴምብር ዋጋ ዝርዝር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1865 ነው። በኒው ዮርክ የስኮት ካታሎግ በ1868 ጀመረ። ፈረንሳዮች ኢቬር ኤ ቴልዬ፣ ጀርመኖችም ሚሼል የተባለ ካታሎግ አላቸው። እነዚህ መጻሕፍት በየአገሩ የታተመውን ቴምብር በዓመተ ምሕረቱ ተራ እየቆጠሩ ይዘረዝራሉ።

አሜሪካ የምትኖሩ አንባቢያን በሠፈራችሁ ወዳለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሄዳችሁ «ስኮት ካታሎግ አላችሁ?» በሉ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው በውሰት በማይወጡት መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ነው። አገሮቹ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ስለተደረደሩ ኢትዮጵያ የምትገኘው ከ«ሲ» እስከ «ኤፍ» ያሉትን በያዘው በሁለተኛው ቅጽ ነው። እያንዳንዱ ቴምብር ቁጥር አለው፤ ከቁጥሩ ቀጥሎ ዋጋውና ቀለሙ ይጻፋል። በስተቀኝ ደግሞ ሁለት የገበያ ግምቶች አሉ፤ የመጀመሪያው ላልተሠራበት፣ ሁለተኛው ማኅተም ለተመታበት ነው። መግቢያውን ሳታነብቡ ወደ ግምቱ አትሩጡ። ግምቱ የተሰጠው በጥሩ ይዞታ ላለ ቴምብር ነው፤ ለተቀደደ፣ ጥርሱ ለጎደለ ወይም ለቆሸሸ አይሠራም። በካታሎጉ ውስጥ ያለው ትንሹ ግምት ደግሞ ነጋዴው ቴምብሩን ለይቶ ለመያዝ የሚደክምበት ዋጋ እንጂ ለእናንተ የሚከፈላችሁ አይደለም።

ምሳሌ እንውሰድ። የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ቴምብሮች የ1894ቱ ሰባት ቴምብሮች ናቸው። በአራቱ ላይ የዳግማዊ ምኒልክ ምስል፣ በሦስቱ ላይ አንበሳ አለ። ቅርጹን ያወጣው ኤዠን ሙሾን የተባለ ፈረንሳዊ ሲሆን የታተሙትም በፓሪስ ነው። «የምኒልክ ከሆነማ ውድ ነው» የሚለው ወሬ የሚመጣው ከዚህ ነው። ካታሎጉን የገለጠ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። ማኅተም ሳይመታባቸው ለሰብሳቢዎች የተሸጡት ብዙ ስለሆኑ ባዶው ቴምብር ዕድሜው የሚያስገምተውን ያህል ውድ አይደለም።

እዚያው ገጽ አካባቢ የሚገኝ ሌላ ትምህርት አለ። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908 ነው። ከዚያ በፊት የአገራችን ቴምብር ብቻውን ደብዳቤን ባሕር አያሻግርም ነበር፤ የሌላ አገር ቴምብር መጨመር ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ የኢትዮጵያ ቴምብር ከፈረንሳይ ጅቡቲ ቴምብር ጋር የተለጠፈበት የዚያ ዘመን ፖስታ ሰብሳቢዎች አጥብቀው የሚፈልጉት ነገር ነው። ይህን ያላነበበ ሰው ቴምብሩን ከፖስታው ቆርጦ ወይም በውኃ ነክሮ ያላቅቃል፤ ፖስታውንም ይጥላል። አንዴ ከተቆረጠ መመለሻ የለውም።

ሌላም አለ። በ1902 በእነዚሁ ቴምብሮች ላይ «ቦስታ» የሚል ቃል በእጅ ማኅተም ተመትቶባቸዋል። ይህን ማኅተም አስመስለው የሠሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። የ1919ኞቹ ደግሞ ንግሥት ዘውዲቱና ራስ ተፈሪ፣ ቀጭኔ፣ ነብርና ዝሆን የሚታዩባቸው ውብ ቴምብሮች ናቸው፤ ነገር ግን በኋላ እንደገና ታትመዋል። የዋናው ሙጫ ነጭና ለስላሳ ሲሆን የኋለኛው ሙጫ ቡናማና የተሰነጣጠቀ ነው። ይህን ለመለየት ባለሙያ አያስፈልግም፤ ቴምብሩን በወረንጦ ገልብጦ ጀርባውን ማየት ይበቃል።

እንግዲህ መጽሐፉ ይህን ሁሉ ከነገረን ለሽማግሌዎቹ ምን ቀረላቸው? ዋናው ቀረላቸው። መጽሐፉ «ሐሰተኛ አለና ተጠንቀቅ» ይላል እንጂ በእጃችሁ ያለው «ቦስታ» እውነተኛ ይሁን አይሁን አይነግራችሁም። ያን የሚለየው ብዙ ያየ ዓይን ነው። «ይህ ስንት ያወጣል?» ብሎ የሚመጣና «ቁጥሩን ከስኮት አግኝቼዋለሁ፤ ጥርሱን ቆጥሬያለሁ፤ ማኅተሙ የሐረር ይመስለኛል፤ ግን የ‹ቦስታ› ፊደሉ ትንሽ ዘመም ብሎብኛል፤ እርስዎ ምን ይላሉ?» ብሎ የሚመጣ ሰው እኩል መልስ አያገኙም። የመጀመሪያው አንድ ቃል ተሰጥቶት ይሸኛል። ሁለተኛው ቁጭ እንዲል ይጋበዛል፣ ቡና ይፈላለታል፣ የሽማግሌው አልበም ይወጣለታል።

ያን ጊዜ የሚሰማው በየትኛውም ካታሎግ ላይ የለም። አዲስ ቴምብር በሚወጣበት ቀን ፖስታ ቤት ደጅ ማን ይሰለፍ እንደነበር፣ ተማሪዎች አንዱን ቴምብር በስንት ይለዋወጡ እንደነበር፣ የትኛው አልበም በአብዮቱ ዘመን እንዴት እንደተረፈ ይሰማል። ይህ የተጻፈ አይደለም፤ ከሰዎቹ ጋር ያለ ነው፣ ከሰዎቹም ጋር ይሄዳል። ዕድሜያቸው የገፋ አባቶች የቀራቸውን ጊዜ መጽሐፍ የሚመልሰውን ጥያቄ ሲመልሱ እንዲያሳልፉት ማድረግ ለእኛም ኪሳራ ነው። የተጻፈውን መጽሐፉን እንጠይቅ፤ ያልተጻፈውን ሰውን እንጠይቅ።

ለታላላቆቻችንም አንድ ቃል አለን። ሳያነብ የመጣውን ወጣት «ሂድና አንብብ» ብላችሁ አታሳፍሩት። የትኛውን መጽሐፍ፣ የትኛውን ገጽ እንደሚያይ ንገሩትና «አይተህ ተመለስ» በሉት። የተመለሰ እንደሆነ ተተኪ አገኛችሁ ማለት ነው።

ከካታሎጉ ያለፈ ነገር የሚፈልግ ደግሞ በፔንስልቬንያ፣ ቤልፎንት ከተማ የአሜሪካ የቴምብር ምርምር ቤተ መጻሕፍት አለ። የኢትዮጵያን ቴምብር የሚያጠኑ ሰዎች ማኅበርም «ሜኔሊክስ ጆርናል» የተባለ መጽሔት ሲያሳትም ቆይቷል። «አዲስ ነገር አገኘሁ» ያለ ሰው የቆዩ ቅጾቹን ቢያገላብጥ ከብዙ ዓመት በፊት ሌላው ያንኑ ጠይቆ መልስ አግኝቶ ሊያይ ይችላል።

እስከዚያው አልበም በቤታችሁ ካለ እነዚህን አትርሱ። በእጃችሁ አትንኩት፣ ወረንጦ ተጠቀሙ። ከፖስታ ላይ ምንም አትቁረጡ። ከእርጥበትና ከፀሐይ አርቁት። አባት በእርሳስ የጻፋት ማስታወሻ ካለች አታጥፏት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ባለ አልበሙ በሕይወት ካለ፣ ዋጋውን ከካታሎግ ፈልጉና ታሪኩን ከእሱ ዘንድ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ።