ከዋናው አሰልጣኝ በፊት ያለው መምህር

እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያ አራት ወርቅ አገኘች። አራቱንም በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ያመጡት ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ናቸው፤ ሁለቱም በአርሲ የበቆጂ አካባቢ ልጆች፣ ሁለቱም በልጅነታቸው በአንድ የስፖርት መምህር እጅ ያለፉ። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ፣ ፋጡማ ሮባም በ1996 በአትላንታ ማራቶን ያሸነፉት ከዚያው አካባቢ ተነስተው ነው። እኒህ መምህር አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ናቸው። ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ በብሔራዊ ቡድኑ ዋና አሰልጣኝነት ያገኙት ክብር የሚገባቸው ነው፤ ግን ለብሔራዊ ቡድን የደረሰን ሯጭ ማብቃትና ገና ከክፍል ተማሪዎች መካከል ሯጭን ለይቶ ማውጣት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። እኛ የምናወድሰውም፣ ገንዘብ የምናፈስበትም የመጀመሪያውን ነው። በአማራ ክልል ዋግ ኽምራ ዞን ውስጥ፣ ሰሃላን በመሰለ ወረዳ፣ የጎደለን ሁለተኛው ነው።

የበቆጂ ምሥጢር ከፍታዋ ነው የሚሉ አሉ። ከፍታ ይረዳል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ከፍታ ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ከ2 ሺህ 200 ሜትር በላይ ያለችው የዋግ ኽምራዋ ሰቆጣም፣ የላስታና የሰሜን ደጋዎችም በየኦሊምፒኩ ስማቸው በተጠራ ነበር። ኃይሌ ገብረሥላሴን የመሰለ የስንታየሁ ተማሪ ያልነበረ ጀግና ከአርሲ መውጣቱም እውነት ነው፤ አንድ መምህር ሁሉን አልሠራም። ከአንዲት ትንሽ ከተማ በተከታታይ ትውልድ ሻምፒዮን መውጣቱ ግን በተፈጥሮ ብቻ አይብራራም። ስንታየሁ ዘመናዊ መም ሳይጠብቁ በሜዳና በጫካ ማለዳ ልጆችን አሠለጠኑ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለዓመታት ከዚያው አልተነሱም። የአምናዋ አሸናፊ ለዘንድሮዋ ታዳጊ አርአያ የምትሆነው መምህሩ በቦታው ሲቆይ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የረሃብ ነው። ድርቅ በተደጋጋሚ በሚመታት ሰሃላ ስለ ሩጫ ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ? ያልበላ ልጅ መሮጥ የለበትም፤ ስለዚህ የትምህርት ቤት ምገባ ይቅደም። ምገባው ከተጀመረ ግን የስፖርት መምህር ተጨማሪ ስታዲየም አይፈልግም። የሚፈልገው ከወረዳው እንዳይለቅ የሚያደርግ የደመወዝ ድጎማ፣ ለልጆቹ ጫማ፣ በየዓመቱ ሰቆጣ ላይ የሚካሄድ የትምህርት ቤቶች ውድድርና ያሸነፈውን ልጅ የሚቀበል ክለብ ነው። የክልሉ ስፖርት ቢሮ ለዚህ የሚያወጣው ገንዘብ ለአንድ ስታዲየም አጥር ከሚያወጣው የሚበልጥ አይመስለኝም።