ከኋላችን ለሚመጣው ሰው

የዛሬው ጨዋታችን ስለ አንዲት የመኪና ጌጥ ነው። «ኡስታዝ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ጋራዥ ገባ?» የሚል አይጠፋም። ግን እስከ መጨረሻው ታገሡኝ፤ ነገሩ መኪና ላላቸው ብቻ ሳይሆን በመንገድ ለሚሄድ ሁሉ ይበጃል።

ቤታችን አንዲት ያገለገለች ቪትዝ አለች። እናታችንን ሐኪም ቤት የምታደርስ፣ ዘመድ የምታስጠይቅ፣ እኔንም ትምህርት ቤት የምታመላልስ የጋራ ንብረት ናት። ታናሽ ወንድሜ እንደ እኩዮቹ መኪና ማሳመር ይወዳል። አንድ ቀን ከሶማሌ ተራ በጋዜጣ የተጠቀለለ ረዘም ያለ ነገር ታቅፎ መጣ። ስፖይለር ነው፤ ከኋላው መስተዋት በላይ በጣሪያው ጫፍ ላይ የሚለጠፍ። መብሳት የለ፣ ብሎን የለ። ከሥሩ በሁለቱም ፊቱ የሚይዝ ቴፕ አለው፤ ወረቀቱን ልጦ መጫን ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልፈጀም። በኅዳር ብርድ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ መኪናዋን በጨርቅ አበስ አደረገና ለጠፈው። እናታችን ከመስኮት አይታ «ባርኔጣ አደረጋችሁላት?» ብላ ሳቀች።

በማግስቱ አዳማ ኒካሕ ነበረብንና በማለዳ ተነሣን። መሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እ.ኤ.አ. በ2014 በተከፈተው የአዲስ አበባ – አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ስንጠጋ ከኋላ ፉጨት የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ወንድሜም ሰምቶ ዞር ብሎ አየኝ። «አዳማ ስንደርስ እናየዋለን» አልኩት።

ጥቂት እንደሄድን «ጧ!» አለ። በመስተዋቱ ሳይ ስፖይለሩ በአየር ላይ ይገለባበጣል። ከኋላችን አንድ ሚኒባስ ይመጣ ነበር። ሹፌሩ መሪውን ወደ ጎን ሰበሩት፤ መኪናው ተንገዳገደና እንደ ምንም ቀጥ አለ። ዕቃው ከጎማቸው አጠገብ አስፋልቱ ላይ ተፈጠፈጠ። አልሐምዱሊላህ፣ ማንም አልተጎዳም።

ዳር ይዘን ቆምን። እሳቸውም ቆመው ወረዱ፤ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ይሳደባሉ ብዬ ስጠብቅ «ልጆቼ፣ ከኋላ ሕፃናት ጭኛለሁ» አሉንና ተመልሰው ሄዱ። ቢሳደቡ ይቀለን ነበር። በመድረሳ ሳለን ከመንገድ ላይ እሾህ ማንሣት መልካም ሥራ እንደሆነ ተምረናል። ያን ቀን እኛ እሾህ ጣዮች ነበርን።

ቤት ስንመለስ ወንድሜ «ድሮም ቴፕ ምን ሊይዝ!» ብሎ አማረረ። እኔ ግን ጣሪያውን ሳየው ነገሩ ሌላ ነበር። ቴፑ ተቀድዶ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ጣሪያው ላይ በቀረ ነበር። የቀረ ነገር የለም፤ ቀለሙ ጠርቶ ያበራል። ስለዚህ ቴፑ የለቀቀው ስለደከመ አይደለም፤ መጀመሪያውኑ አልያዘም ነበር።

ይህ ዓይነቱ ቴፕ ተራ ፕላስተር አይደለም። ስሪኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980 ቪኤችቢ የሚባለውን ካወጣ ወዲህ፣ አክሪሊክ ከተባለ ነገር የሚሠራው ወፍራም ቴፕ ፋብሪካ ውስጥ ሳይቀር በብሎንና በብየዳ ፈንታ ሲያገለግል ኖሯል። ነገር ግን ሙጫው እንደ ወፍራም ማር ነው። ለዓይን ለስላሳ የሚመስለው ቀለም ጥቃቅን ጎድጓዳ አለው፤ ሙጫው በዚያ ውስጥ ፈስሶ ሲሞላ ነው የሚይዘው። ብርድ ሲሆን ይደድርና አይፈስም። ሰም ወይም አቧራ ካለ ደግሞ የሚይዘው አቧራውን ነው። የእኛ መኪና ላቫጆ ቤት ፖሊሽ ከተቀባች ገና ሳምንቷ ነበር!

የነፋሱን ነገር ደግሞ ለተማሪዎቼ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደማስረዳው ላስረዳችሁ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የነፋሱ ኃይል እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። በከተማ ውስጥ በ50 ኪሎ ሜትር ዝም ያለ ዕቃ በ100 ኪሎ ሜትር አራት እጥፍ ይገፋል፣ ይሳባል። እንዲህ ያለ ቴፕ መላው ገጹ በአንድ ጊዜ ሲሳብ ብርቱ ነው፤ ከጫፉ ሲላጥ ግን ደካማ ነው። ቁስል ላይ ያለ ፕላስተር ከዳር ሲጀመር ሙልጭ ብሎ እንደሚነሣ ማለት ነው። ያ የሰማነው ፉጨት አንዱ ጫፍ ተነሥቶ ነፋስ ከሥሩ ሲገባ ነበር።

ወንድሜ ተስፋ አልቆረጠም፤ ከኪሱ አጠራቅሞ ሌላ ገዛ። ያኔ አብረን ሠራነው፤ እናንተም ብታስቡበት ቅደም ተከተሉ ይኸውላችሁ።

በመጀመሪያ ወረቀቱን ሳትልጡ ዕቃውን በቦታው አስቀምጣችሁ ሞክሩት። ከጣሪያው ጋር ያለ ግፊት መግጠም አለበት። በእጅ ተጭናችሁት ካልሆነ የማይቀመጥ ከሆነ ለቀቅ ስታደርጉት ሁልጊዜ ለመነሣት ይታገላልና ለመኪናችሁ የተሠራ አይደለም፤ ለሻጩ መልሱት። ላይ ያለውን የፍሬን መብራት እንዳይሸፍን፣ የኋላው በር ሲከፈት ጣሪያውን እንዳይነካ፣ በሩም ከክብደቱ የተነሣ ራስ ላይ እንዳይወርድ አረጋግጡ። ሲስተካከል ዙሪያውን ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት የወረቀት ቴፕ ምልክት አድርጉ።

ሁለተኛ፣ ቀለሙን መርምሩ። ቴፑ የሚይዘው ብረቱን ሳይሆን ቀለሙን ነው፤ ቀለሙ ደግሞ ብረቱን መያዝ አለበት። ጣሪያው በስቱኮ የተደፈነ፣ የሚፈረፈር ወይም ሰሞኑን የተቀባ ከሆነ ተዉት። ስፖይለሩ ከነቀለሙ ተገንጥሎ ይሄዳል።

ሦስተኛ፣ ቦታውን በሳሙና አጥባችሁ አድርቁ። ቀጥሎ አይሶፕሮፒል የሚባለውን አልኮል ከውሃ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅላችሁ በንጹሕ ጨርቅ ወደ አንድ አቅጣጫ አብሱ፤ ሳይደርቅ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ አንሡት። ሁለተኛው ጨርቅ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድገሙት። ከዚያ በኋላ በጣት አትንኩት፤ የጣት ቅባት ይበቃዋል። ቤንዚንና ናፍጣ ቅባት ይተዋሉና አይሆኑም።

አራተኛ፣ ሙቀቱን ጠብቁ። ለእንዲህ ያለ ቴፕ ተስማሚው ከ21 እስከ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በአዲስ አበባ በጋ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ማታና ማለዳ፣ ክረምትም ቢሆን፣ አይመረጥም። ካስፈለገ ጣሪያውንም ቴፑንም በፀጉር ማድረቂያ ለብ ማድረግ ይቻላል።

አምስተኛ፣ ወረቀቱን በሙሉ አትላጡ። ከየጫፉ ጥቂት ልጣችሁ ወደ ውጭ አጥፉት፤ ዕቃውን በምልክቱ ላይ አሳርፋችሁ ለሁለት ሆናችሁ ወረቀቱን ቀስ እያላችሁ ሳቡት። ዕድሉ አንድ ጊዜ ነው፤ አንሥቶ መመለስ የለም። ከዚያ ከመሐል ወደ ጫፍ በመዳፍ ተጫኑ። የሚያስፈልገው ግፊት በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ ኪሎ ያህል ክብደት ነውና ዳበስ ዳበስ ማድረግ አይበቃም። ጫፎቹን ደጋግማችሁ ተጫኑ።

ስድስተኛው ትዕግሥት ነው፤ ብዙዎቻችን የምንወድቀውም እዚህ ላይ ነው። በክፍል ሙቀት ሙጫው በ20 ደቂቃ ከጉልበቱ ግማሽ ያህሉን፣ በ24 ሰዓት 90 በመቶውን ይይዛል። ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው በ72 ሰዓት፣ ማለትም በሦስት ቀን ነው። እስከዚያ መኪናዋን አለማጠብ፣ ረጅም መንገድም አለማውጣት።

ወንድሜ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ «እሺ ጋሼ፣ ነዳጅስ ይቆጥባል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ደግ ነው። እንደ ቪትዝ ያለች ጭራዋ የተቆረጠ መኪና ስትሮጥ ጣሪያው ላይ የመጣው ነፋስ ከኋላ ተረብሾ ይሽከረከራል። ነፋሱ ከጫፉ ተቆርጦ እንዲለይ ተደርጎ በፋብሪካ ተጠንቶ የተሠራ ስፖይለር የኋላውን የመነሣት ኃይል ይቀንሳል፤ የነፋሱንም ጉተታ ሊቀንስ ይችላል። ከሱቅ የተገዛ፣ በነፋስ ያልተፈተነ ዕቃ ግን ይህን ያደርጋል ብሎ ዋስ የሚሆን የለም። ከመገናኛ ፒያሳ በሚኬድ ፍጥነትማ ጌጥ ነው። ጌጥ መሆኑን አውቆ ማድረግ ነውር የለውም፤ ወጣት ነው፣ ያምርበታል። ጌጡ በሌላ ሰው ልጅ ላይ እንዳይወድቅ ማድረግ ግን ግዴታ ነው።

ያን ጊዜ ዓርብ ረፋድ ላይ ለጠፍነው። ቅዳሜ እናታችንን ሐኪም ቤት በታክሲ ወሰድኳት፤ ሰኞ ጠዋትም ለጥንቃቄ ብዬ ትምህርት ቤት በሚኒባስ ተሰልፌ ሄድኩ። ወንድሜ መኪናዋን በየቀኑ ከሩቅ እያየ ቁልፉን አልነካም። ለእርሱ ያን ያህል መታገሥ ቀላል አልነበረም፤ እኔም አየሁለት። ይኸው ሁለተኛው ስፖይለር ክረምት ወጥቶበት በቦታው አለ።

አሁን ወደ ክፍለ ሀገር ከመውጣታችን በፊት እርሱ ከኋላ ዞሮ ሁለቱን ጫፎች በጥፍሩ ይሞክራል። በጥፍር የሚነሣ ከሆነ በነፋስም ይነሣል። ያኔ ለብ አድርጎ በናይለን ክር ከሥሩ እንደ መጋዝ እየሳቡ ማንሣትና በአዲስ ቴፕ መድገም ነው፤ በአሮጌው ላይ ሱፐር ግሉ ማንጠባጠብ መፍትሔ አይሆንም።

እኔም የራሴን ተምሬአለሁ። ጥፋቱን ሁሉ በልጁ ላይ ማላከክ ቀላል ነበር፤ ቴፑን የለጠፈው እርሱ ነውና። ፉጨቱን ሰምቶ «አዳማ ስንደርስ» ያለው ግን መምህሩ ወንድሙ ነው። ያን ጊዜ ዳር ይዤ ብቆም የሚጠፋብን አምስት ደቂቃ ነበር። ስለዚህ መኪናችሁ ያልለመዳችሁትን ድምፅ ካሰማች፣ የምትሄዱበት ሰርግም ይሁን ሥራ፣ ቦታ መርጣችሁ ቁሙ። ያንን ሽማግሌ የሚያውቅ አንባቢ ካለ ሰላምታችንን ያድርስልን፤ ዓውፍ እንዲሉንም ይንገርልን።

በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ እስክንገናኝ ደህና ሁኑልኝ። ወሰላም።