ስለ መንጋጋ እብጠትና ስለ መድኃኒቱ

ፊት የሰው መታወቂያው ነውና፥ በልጁ መንጋጋ ላይ እብጠት ያየ ወላጅ እንቅልፍ የለውም። በደንዲ፥ በጊንጪና በዙሪያዋ ገጠር፥ እንዲሁም ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረችው በአምቦ የሚኖር አባት ሁለት ፍርሃት ይይዘዋል፤ አንዱ ነቀርሳ ይሆን ይሆን ማለት፥ ሁለተኛውም ወደ አዲስ አበባ ብወስደው መንጋጋውን ይቈርጡታል ማለት ነው። ስለዚህ ያለ ምላጭ ሊድን ስለሚችለው እብጠት ለክቡራን አንባቢዎቻችን ጥቂት ልንገልጽ ወደድን።

በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚያድግ እብጠት ሁሉ ነቀርሳ አይደለም። ሄንሪ ጃፌ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1953 ለይቶ የጻፈለት፥ ግዙፍ ሴሎች የሚታዩበት እብጠት አለ። የሚያዘወትረው ከ30 ዓመት በታች ያሉትን፥ ይልቁንም ሴቶችን ነው። ወደ ሌላ አካል አይዛመትም፤ ነገር ግን አጥንት እየበላ ጥርስን ያናጋል፥ ፊትንም ያጣምማል።

የቈየው ሕክምና እብጠቱን ፍቆ ማውጣት፥ የበረታውንም ከአጥንቱ ጋራ መቍረጥ ነው። ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን ትሪያምሲኖሎን የሚባለውን መድኃኒት ከማደንዘዣ ጋራ ቀላቅሎ፥ በየሳምንቱ እስከ 6 ሳምንት ድረስ በእብጠቱ ውስጥ በመርፌ መስጠት ተጀመረ። በአንዳንዱ ሕመምተኛ እብጠቱ ይጠፋል፤ በሌላው ያንስና የቀረው በትንሽ ኦፕራሲዮን ይወጣል፤ የማይሠራበትም አለ። ካልሲቶኒንና ዴኖሱማብ የሚባሉት ደግሞ አጥንት የሚበሉትን ሴሎች የሚገቱ ናቸው፤ ነገር ግን ዴኖሱማብ የደምን ካልሲየም ሊያናውጥ ስለሚችል ብርቱ ጥበቃ ያሻዋል።

መርፌው ከመሰጠቱ በፊት ሁለት ነገር ሊደረግ ይገባል። አንደኛው፥ ከእብጠቱ ጥቂት ተቈርጦ መመርመሩ ነው። ሁለተኛው፥ የደም ምርመራ ነው፤ በአንገት ውስጥ ያሉት የፓራታይሮይድ ዕጢዎች ሲታመሙ ይህንኑ የመሰለ እብጠት በመንጋጋ ያወጣሉና። እንዲህ በሆነ ጊዜ መታከም የሚገባው ዕጢው ነው፤ መንጋጋውን መቍረጥ ከንቱ ጕዳት ይሆናል። ሳምባ ነቀርሳ ወይም የስኳር በሽታ ያለበትም ይህን ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር፤ ትሪያምሲኖሎን ሁለቱንም ሊያባብስ ይችላልና።

መድኃኒት ለሁሉ ይበቃል ማለታችን ግን አይደለም። አሜሎብላስቶማ የሚባለው እብጠት በዚህ መርፌ አይድንም፤ ተፍቆ ብቻ ሲተውም ብዙ ጊዜ ይመለሳልና፥ ከዳር ካለው ጤነኛ አጥንት ጋራ መውጣት አለበት። በ2014 በብዙዎቹ ውስጥ ብራፍ የሚባለው ጂን ተለውጦ ስለ ተገኘ፥ ይህን የሚቃወሙ እንክብሎች በጥቂት ሕመምተኞች ላይ እብጠቱን አሳንሰዋል፤ ዋጋቸው ግን እጅግ ከባድ ነው።

እንግዲህ የቤት ጌቶችና እመቤቶች ሆይ፥ እብጠቱን በጋለ ብረት አታስተኵሱ፤ እስኪፈነዳም አትጠብቁ። ሐኪሙንም «የእብጠቱ ስም ምንድን ነው? ደሙ ተመርምሯልን? በመድኃኒት መጀመር ይቻላልን?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን መጠየቅ ሐኪምን መናቅ አይደለም። ቍረጡ ቢሏችሁም አትሽሹ፤ በጊዜ የደረሰ እብጠት የሚወስደው አጥንት ጥቂት ነውና።