ክኒን እንደ ቡና አይጋበዝም

ባልንጀራን ቡና መጋበዝ፣ ሲቸግረውም ያለንን ማካፈል ደግ ልማዳችን ነው። ነገር ግን ይህ ደግነት ከቡናና ከገንዘብ አልፎ ወደ መድኃኒት ሲሻገር እያየን ዝም ማለት አልቻልንም። በየመሥሪያ ቤቱና በየተማሪው ማደሪያ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ፈተናው አስጨነቀኝ» ያለ ሰው ወዲያው ከጓደኛው ኪስ አንዲት ትንሽ ክኒን ይቀበላል። ሰጪው ደግ ሠራሁ ይላል፤ ተቀባዩም አመስግኖ ይውጣል። ሐኪም በመካከላቸው የለም።

ክኒኗ ብዙ ጊዜ ዲያዜፓም ናት። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1963 ቫሊየም በሚል ስም ለገበያ ከቀረበች ወዲህ ብዙ ሰው ጠቅማለች፤ አልቆም ያለውን የሚጥል በሽታም በመርፌ ስትሰጥ ትገታለች። ስለዚህ መድኃኒቱን ለመኮነን አልተነሣንም። ነገር ግን ከሰውነት ቶሎ የሚወጣ አይደለም። ማታ የዋጠው ሰው ጧት መኪና ሲነዳ መድኃኒቱ ገና ከእርሱ ጋር ነው። ይልቁንም የሚያሳዝነው አዲስ ትምህርት በአእምሮ እንዳይያዝ ማደናቀፉ ነው፤ ለፈተና ሲል የዋጠ ተማሪ ሌሊቱን ያጠናውን ጧት ቢፈልገው ሊያጣው ይችላል። ከአረቄ ወይም እንደ ትራማዶል ካለ ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ጋር ሲገናኝማ ትንፋሽን እያዳከመ ለሞት ያደርሳል።

መጀመሩ ቀላል ነው፤ ጭንቁ ማቆሙ ላይ ነው። በየቀኑ ለሳምንታት የወሰደው ሰው ሰውነቱ ይለምደዋል። አንድ ቀን «በቃኝ» ብሎ ቢጥለው እንቅልፍ ያጣል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚህ በፊት ወድቆ የማያውቅ ሰው እንኳ እንደ ሚጥል በሽተኛ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ መጠኑን ቀስ በቀስ፣ አንዳንዴም በወራት ይቀንስለታል እንጂ በራሱ ፈቃድ አይቆርጥም።

የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ነገሩ የባሰ ነው። ፌኖባርቢታል ለዚህ በሽታ መርዳቱ ከታወቀ፣ ከ1912 ጀምሮ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ርካሽ ስለሆነም በጤና ጣቢያዎቻችን እስከ ዛሬ ይታዘዛል። ታማሚው ስድስት ወር ሳይወድቅ ሲቆይ «ድኛለሁ» ይልና ይተወዋል፤ ያልወደቀው ግን ስለ ዋጠ ነው። ሌላው ጠበል ሲሄድ ክኒኑን ከቤት ጥሎ ይሄዳል። አትጠመቅ የሚለው የለም፤ መድኃኒቱን ይዞ እንዳይሄድ ግን ማን ከለከለው? ለሥራ ወደ ወረዳ የሚላከው ወጣት ሠራተኛም ለአሥር ቀን ጉዞ የሁለት ቀን ክኒን ይዞ ይነሣል። በድንገት የተቋረጠ መድኃኒት የማያባራ መንፈራገጥ ያመጣል፤ ይህም ይገድላል። እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል የሚል ቢኖር፣ ወይም ለመውለድ የምታስብ ሴት ብትሆን፣ ነገሩን ለሐኪም መንገር እንጂ ክኒኑን መጣል መፍትሔ አይሆንም።

እኛ እንደምናስበው ግን ይህን ሁሉ የሚያባብሰው ኀፍረት ነው። በሽታው የሚተላለፍ መስሏቸው ባልደረቦቹ እንዳይሸሹት የሚፈራ ሰው፣ ክኒኑን በምሳ ሰዓት ከመዋጥ ይልቅ መዝለል ይመርጣል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አጠገባችን የተቀመጠው ሰው ቢወድቅ ክብሪት አናሽትተው፣ በአፉም ማንኪያ አንክተት፤ የሚያቆስለውን ነገር ከአጠገቡ አንሥተን፣ መንፈራገጡ ሲቆም በጎኑ እናስተኛውና ሰዓታችንን እንመልከት። መንፈራገጡ አምስት ደቂቃ ካለፈ ጊዜ ሳናጠፋ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው።