ለዕቅዳችንም እንደ እቁቡ ዳኛ እናብጅለት



እንደሚታወቀው አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥር ሁላችንም አንድ ነገር እናቅዳለን። አንዱ የማታ ትምህርት እጀምራለሁ ይላል። ሌላው የሚያፈሰውን ጣሪያ አስጠግናለሁ ይላል። አንዷ ደግሞ ፊደል ቆጥሬ የባንክ ቅጽ በራሴ እጅ እሞላለሁ ትላለች። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን መስከረም ሲጠባ «መስቀል ይለፍ» እንላለን። መስቀል ሲያልፍ ገና፣ ከዚያ ጥምቀት፣ ከዚያ ፋሲካ ይመጣል። ረመዳንና ዓረፋም አሉ። በዓሉ ሲያልቅ ክረምት ይገባና «በዚህ ዝናብ ምን ይሠራል» ይባላል። ጣሪያው ግን በዓል አያውቅም፤ ማፍሰሱን ይቀጥላል። ዕድሜም እንደዚያው ነው፤ አይጠብቅም።

ይህን ስንል ሰው ሁሉ ሰነፍ ነው ማለታችን አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሲሸከም፣ ሲሸጥ ወይም ልብስ ሲያጥብ የዋለ ሰው ማታ ቢደክመው አይፈረድበትም። ሆኖም ይኸው የደከመ ሰው የእቁቡ ቀን ሲደርስ ከየትም ከየትም ብሎ ገንዘቡን ያመጣል። ቤቱ ለብቻው አጠራቅማለሁ ቢል ግን ወር ሳይሞላ ያወጣዋል። ሰውዬው ያው ነው፣ ገቢውም ያው ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከምን መጣ?

ልዩነቱ ከሥርዓቱ ነው። እቁብ የታወቀ ቀን አለው። የሚጣለው ገንዘብ ልኩ የተቆረጠ ነው። ዳኛና ጸሐፊ ስላለው የቀረ ሰው ይጠየቃል። እጣ ቀድሞ የደረሰውም ዋስ ጠርቶ ነው የሚወስደው። የግል ዕቅዳችን ግን ቀን የለው፣ ልክ የለው፣ ጠያቂ የለው። «አንድ ቀን እማራለሁ» ብንል ማን ይጠይቀናል? ስለዚህ ዕቅዳችንን እንደ እቁብ ማድረግ ይሻላል።

አንደኛ፣ ልኩን ማሳነስ ነው። ለምሳሌ ፊደላችን ከሀ እስከ ፐ 33 ነው፤ እያንዳንዱ በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። 231 ሲባል ያስፈራል። በቀን አንድ መስመር፣ ማለት 7 ፊደል ብቻ ቢያዝ ግን በ33 ቀን ይዳረሳል። የተረሳውን ለመከለስ ሌላ 33 ቀን ቢጨመርበት እንኳ፣ መስከረም 1 ቀን የጀመረ ሰው ኅዳር 6 ቀን ይጨርሳል። ገና ገናም አልደረሰም!

ሁለተኛ፣ ቀንና ሰዓት መቁረጥ ነው። «ሲመቸኝ» የሚባል ሰዓት በሰዓት ላይ የለም። «ሰኞና ሐሙስ ማታ 1 ሰዓት» ብሎ መወሰን ነው።

ሦስተኛ፣ ጠያቂ ማበጀት ነው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ አዋቂ ሰዎች ማንበብና መጻፍ የቻሉት ሰዓት ተቆርጦ፣ ስም እየተጠራ፣ ከጎረቤታቸው ጋር ተቀምጠው ስለተማሩ ነው። እርግጥ ያን ጊዜ ግዴታም ነበረበት። ዛሬ የሚያስገድደን የለም፤ ስለዚህ ጠያቂያችንን በፈቃዳችን መምረጥ የእኛ ፈንታ ነው።

ስለሆነም ለሚመጣው ወርኃዊ ስብሰባችን እያንዳንዱ አባል አንድ ዕቅድና አንድ የሚያምነው ጎረቤት ይዞ እንዲመጣ እናሳስባለን። ማኅበሩ ስም አይመዘግብም፤ ቅጣትም የለውም። ሁለቱ ጎረቤታሞች በየሳምንቱ «እንዴት ሆነልህ? እንዴት ሆነልሽ?» ይባባሉ፤ ይኸው ነው። አንድ ሳምንት ያመለጠው ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ይቀጥል እንጂ፣ ተበላሸ ብሎ እስከሚመጣው እንቁጣጣሽ አያቆየው።

አባቶች «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ያሉት በከንቱ አይደለምና፣ የዛሬዋን አንድ መስመር ዛሬ እንያዛት።

የማኅበሩ ጸሐፊ