ኮምፒውተሩ ከመገዛቱ በፊት የፕሮግራሙ ስም ይጠየቅ

የኮሌጅ ትምህርት የሚጀመረው ከበዓላቱ በኋላ ነው፤ ሱቆች ቅናሽ የሚያወጡት ደግሞ ከበዓላቱ በፊት። በዚህ መካከል ከብዙ ወገኖቻችን ቤት ገንዘብ ይወጣል። ልጁ ለአርክቴክቸር ወይም ለማሽን ሃንደሳይ ተመዝግቧል፣ ቤተሰቡ ደስ ብሎታል፣ ኮምፒውተር ይገዛለት ይባላል። ሻጩ «ልጁ ምን ይማራል?» ሲል መልሱ «ዲዛይን» ነው። እሱም ቀጭኗንና የምታብረቀርቀዋን፣ ወይም በእስክሪብቶ የሚሣልባትን ታብሌት ያወጣል። በ36 ታሽሉሚም ይፈረማል።

«ዲዛይን» ግን የብዙ ሙያ ስም ነው። በእጁ ለሚሥል፣ የማስታወቂያና የመጽሐፍ ሽፋን ለሚያዘጋጅ ልጅ አይፓድ እውነተኛ የሥራ መሣሪያ ነው። ሕንፃ ለሚነድፍ ልጅ ነገሩ ሌላ ነው። በአርክቴክቸር ቢሮዎች በብዛት የሚሠራበት ሬቪት ለዊንዶውስ ብቻ የተዘጋጀ ፕሮግራም ነው። የማሽን ክፍሎች የሚነደፉበት ሶሊድዎርክስም እንደዚሁ። አውቶካድ ለአፕል ኮምፒውተር የተሠራ አለው፤ በታብሌት የሚገኘው ግን ንድፍ ከፍቶ ለማየትና ቀላል እርማት ለማድረግ እንጂ ሙሉው አውቶካድ አይደለም።

ዊንዶውስ መኖሩም ብቻውን አይበቃም። ሬቪት በትንሹ 16 ጊጋባይት ራም ይፈልጋል። ከቀጫጭኖቹ ብዙዎቹ 8 ብቻ አላቸው፤ ራሙ ከውስጡ ሰሌዳ ጋር የተበየደ ከሆነ ደግሞ በኋላ ልጨምር ቢሉ አይቻልም።

ይህን ለሽማግሌዎቻችን ማስረዳት አይከብድም። በጎንደር መንደሮች ብረት ቀጥቅጠው ማረሻ ያወጡ አባቶቻችን በወርቅ አንጥረኛ መዶሻ አልሠሩም። የአንጥረኛው መዶሻ ጥሩ ነው፣ ዋጋውም ውድ ሊሆን ይችላል፤ ለማረሻ ግን አይሆንም።

እኛን የሚያሳስበን ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ልጁ ፕሮግራሙ አልጫንም እንዳለው የሚያውቀው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። አባቱ ያችን ኮምፒውተር በምን ድካም እንደገዛለት ስለሚያውቅ ግን ዝም ይላል። የቤት ሥራውን በኮሌጁ የኮምፒውተር ክፍል ለመሥራት ይሞክራል፤ ከሥራ ወጥቶ ሲደርስ ክፍሉ ተዘግቷል። እንዲህ እንዲህ እያለ ወደ ኋላ ይቀራል። ትምህርቱን ትቶ ጥበቃ ሲቀጠር ሰው «አልቻለም» ይላል፤ ታሽሉሚሙ ግን ገና አላለቀም።

ኮሌጆቹንም ዝም ብለን አናልፋቸውም። የመመዝገቢያ ገንዘብ ሲቀበሉ ተማሪው የሚሠራባቸውን ፕሮግራሞችና ኮምፒውተሩ ሊኖረው የሚገባውን ጉልበት በአንድ ወረቀት ጽፈው መስጠት ምን ያህል ይከብዳል? እስኪሰጡ ድረስ ልጁ ራሱ ሄዶ ይጠይቅ፣ በጽሑፍም ይቀበል። ወረቀቱ እጅ ሳይገባ ግዢ ባይኖር ይሻላል፤ ቅናሹ ቢያልፍ ይለፍ፣ ሌላ ቅናሽ ይመጣል። አቅም ካነሰ ደግሞ ከቢሮ የወጣች፣ ወፍራምና ከባድ፣ መልክ የሌላት ያገለገለች ማሽን ከአዲሷ ቀጭን ልትበልጥ ትችላለች። ባገለገለ ዕቃ የሚያፍር ልጅ ካለ፣ ንድፉን የሚያርመው መምህር የኮምፒውተሩን መልክ እንደማያይ ይነገረው።

አንድ ነገር እንጨምር። ሬቪትንና አውቶካድን የሚሠራው አውቶዴስክ ለተማሪዎች በነፃ ይሰጣል፤ ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል። ስለዚህ «ፕሮግራሙን ለተማሪው እንሸጥላችኋለን» ለሚል ሻጭ አትክፈሉ።

ኮምፒውተሩ ከሱቅ ተገዝቶ ከሆነና ገና ካልተሠራበት፣ ሕጉ በ14 ቀን ውስጥ ግዢውን መሰረዝ ይፈቅዳል። ሱቁ የሚቀንሰው የዋጋውን 5 ከመቶ ወይም 100 ሼቄል፣ ከሁለቱ ያነሰውን ነው። ከኤሌክትሪክ ጋር የተገናኘ ዕቃ ግን በሕጉ እንደተሠራበት ይቆጠራል። ስለዚህ ልጁ ኮሌጁን ጠይቆ እስኪመለስ ድረስ ሶኬት ላይ አትሰኩት፤ ደረሰኙንም አትጣሉ።